ምዕራፍ ስድስት፦ ትከሻ ስንት ያወጣል?

በአትላንታ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲዎች ተራ የሚጠብቁበት ሜዳ አለ። ገበያ በቀዘቀዘ ቀን ሰው እዚያ ሁለትና ሦስት ሰዓት ይቆማል። ምሳ በመኪና ኮፈን ላይ ይዘረጋል፣ ቡና ከፔርሙዝ ይቀዳል፣ ከአገር ቤት ፖለቲካ እስከ እንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የማይነሳ ወሬ የለም። እኔ ታክሲ በምነዳበት ዘመን አንድ ቀን የተነሳው ወሬ ግን ከበድ ያለ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ሌሊት ተዘርፏል። አጠር ቀጠን ያለ ልጅ ነው።

«ሚጢጢ ሆኖ ስላገኙት ነው እንጂ» አሉ አንድ ሸምገል ያሉ ሾፌር። ቁመታቸው ሁለት ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። «እኔን ቢሆን ይሞክሩኝ ነበር?» ብለው ትከሻቸውን ነቅነቅ አደረጉ። እውነትም ትከሻ ነው።

አጠገባቸው ቡናውን ፉት የሚል የጎንደር ልጅ ቀና ብሎ አያቸውና፣ «ጋሼ፣ እርስዎን ቢያዩማ ሽጉጡን ቶሎ ያወጡታል እንጂ መች ይተዉዎታል» አለ።

ሰውዬው ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ተራቸው ደረሰ፤ መኪናቸውን አስነስተው ሄዱ። ክርክሩ በኔ ጭንቅላት ውስጥ ግን እስከ ዛሬ ተራውን እየጠበቀ ነው።

በመጀመሪያ ለሰውዬው የሚገባቸውን እንስጣቸው። ግዝፈት ይጠቅማል። አይጠቅምም የሚል የካራቴ አስተማሪ ካጋጠማችሁ የወር ክፍያችሁን አስቦ ነው። ለዚህ ምስክሯ አትላንታ ራሷ ናት። በ1996 (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ኦሊምፒክ ወደዚህች ከተማ ሲመጣ የቦክሱ ውድድር የተካሄደው በጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ በአሌክሳንደር ሜሞሪያል ኮሊሲየም ነበር። ቦክሰኞቹ በ12 የክብደት ምድቦች ተከፍለዋል፤ የመጨረሻው ቀላል 48 ኪሎ፣ የመጨረሻው ከባድ ከ91 ኪሎ በላይ። በቀላሉ ምድብ ወርቁን የወሰደው ቡልጋሪያዊው ዳንኤል ፔትሮቭ ነው። በከባዱ ደግሞ ቁመቱ 198 ሴንቲ ሜትር የሆነው ዩክሬናዊው ቭላዲሚር ክሊችኮ። ሁለቱም በሙያቸው የዓለም ቁንጮ ነበሩ። ሁለቱን በአንድ ገመድ ውስጥ የሚያጋጥም ዳኛ ቢገኝ ግን ዳኛ ሳይሆን ተከሳሽ ነው የሚሆነው። ሙያ እኩል ሲሆን ክብደት ይፈርዳል። ረጅም ክንድ ያለው ሰው ሳይነካ ይነካል፤ ከባዱ ሰው የሰነዘረው ቡጢ ከኋላው ብዙ ሥጋ ይዞ ይመጣል፤ መሬት ላይ ከወደቃችሁ ደግሞ ላያችሁ ላይ የተኛው መቶ ኪሎ ምንም ሳይሠራ ትንፋሽ ያሳጥራል።

ነገሩ ግን ሥጋ በጨመረ ቁጥር ጉልበትም በዚያው ልክ የሚጨምር እንዳይመስላችሁ። ይህንንም ያሳየው ያው የአትላንታ ኦሊምፒክ ነው። በጆርጂያ ወርልድ ኮንግረስ ሴንተር አዳራሽ ውስጥ ክብደት ማንሳት ነበር። የቱርኩ ናይም ሱሌይማኖግሉ ቁመቱ 147 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ከአንድ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ አይበልጥም ነበር። በ64 ኪሎ ምድብ በሁለቱ የአነሳስ ዓይነቶች ድምር 335 ኪሎ አንስቶ ሦስተኛውን የኦሊምፒክ ወርቁን ወሰደ። ሩሲያዊው አንድሬይ ቼመርኪን ደግሞ በመጨረሻው ከባድ ምድብ 457.5 ኪሎ አነሳ። ቼመርኪን ከ160 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የሰውዬው ገላ ከናይም በሁለት ተኩል እጥፍ ይበልጣል፣ ያነሳው ብረት ግን የሚበልጠው በሲሶ ያህል ብቻ ነው።

ምክንያቱ ጂኦሜትሪ ነው። የጡንቻ ጉልበት የሚወሰነው በውፍረቱ ነው፤ ሙዝ በቢላ ስትቆርጡ የሚታየውን ክብ ገጽ አስቡት። ክብደት ግን በቁመትም፣ በወርድም፣ በጥልቀትም ያድጋል። አንድ ፍጡር ቅርጹን ሳይለውጥ ቁመቱ እጥፍ ቢሆን የጡንቻው ገጽ አራት እጥፍ ይሆናል፣ ክብደቱ ግን ስምንት እጥፍ። ጉንዳን ከራሷ የሚከብድ ፍሬ ጎትታ ጉድጓዷ የምታገባው፣ ዝሆን ግን መዝለል የማይችለው በዚህ የተነሳ ነው። ትልቅ ሰው እያንዳንዱን ተጨማሪ ኪሎ ያገኘው በውድ ነው። ቶሎ ይደክማል፣ ሲዞር ይዘገያል፣ ሲወድቅ ይጎዳል።

እዚህ ላይ አጭሮቹ ወንድሞቼ ገና አይጨፍሩ። ጠብ ላይ ማንም ጉልበታችሁን ለክብደታችሁ አካፍሎ ነጥብ አይሰጣችሁም። የሚቆጠረው ከናንተ የወጣው ጠቅላላ ኃይል ነው። ሴቶች ላይ ሲደርስ ልዩነቱ የባሰ ነው፤ በአማካይ የሴት የላይኛው አካል ጉልበት ከወንድ ግማሽ ትንሽ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ «ጉልበት ዋጋ የለውም፣ ወኔ ነው» የሚባለውን ነገር ለሌሊት ሠራተኛ እህቴ አልነግራትም።

ወኔ ካልሆነ ሙያስ? የሙያን ነገር ዓለም በግልጽ የፈተነው በኅዳር 1993 በዴንቨር ነው። ዛሬ ዩኤፍሲ የምንለው ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ የክብደት ምድብ አልነበረውም፤ ማንም ከማንም ጋር ይጋጠም ነበር። አሸናፊው ከ80 ኪሎ ብዙም የማያልፈው ብራዚላዊው ሮይስ ግሬሲ ሆነ። እየተቧቀሰ አይደለም፤ ጠልፎ እየጣለ፣ አንገትና ክንድ እየቆለፈ ነው። በታኅሣሥ 1994 ደግሞ ወደ 118 ኪሎ የሚመዝነው ዳን ሰቨርን ከላይ ተኝቶበት ሳለ አንገቱን በእግሮቹ አንቆ አሸነፈው። የዚህ ሙያ፣ የጁጁትሱ፣ ትምህርት ቤቶች በየማዕዘኑ የተከፈቱት ከዚያ ወዲህ ነው።

እኔ ግን ከዚያ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገር ሲዘለል አያለሁ። የሰቨርን ግጥሚያ ከ15 ደቂቃ በላይ ወስዷል። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ኪሞ ሊዮፖልዶ የተባለውን ወደ 113 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲያሸንፍ ደግሞ ግሬሲ እጅግ ከመድከሙ የተነሳ ለቀጣዩ ግጥሚያ መቆም አቃተው፤ ከውድድሩ ወጣ። ሙያ ክብደትን ያሸንፋል፣ ዋጋውን ግን በጊዜና በትንፋሽ ያስከፍላል። መንገድ ላይ 15 ደቂቃ የሚሰጥ የለም። ከታች ያለው ፍራሽ ሳይሆን አስፋልት ነው። የምትታገሉት ሰው ጓደኛም አጥር ተከልሎበት ውጭ ሆኖ አይጠብቅም፤ መጥቶ ጭንቅላታችሁን ይረግጣል። ዩኤፍሲ ራሱም በ1997 የክብደት ምድብ ማበጀት ጀመረ።

እስካሁን ያየነው ሁሉ ግን የገመድና የአጥር ውስጥ ነገር ነው። ከውጭ ሲሆን መልኩ ይለወጣል።

ኦሊምፒኩ በአትላንታ ሲከፈት፣ በዚያው በሐምሌ 1996፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ በዚችው ከተማ የሆነው የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ)፣ በሥሩ ባለው የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም በኩል በሥራ ቦታ ስለሚደርስ ጥቃት አንድ ጥናት አወጣ። ለኛ ለሾፌሮች ደስ የሚል ንባብ አይደለም። ከ1990 እስከ 1992 ባለው ጊዜ በአሜሪካ በሥራ ላይ በሚገደሉ ሰዎች ምጣኔ አንደኛው የታክሲ ዘርፍ ነበር፤ በዓመት ከ100,000 ሠራተኞች 41.4። የሁሉም ሠራተኞች አማካይ 0.7 ነበር። ወደ ስልሳ እጥፍ መሆኑ ነው።

ጥናቱ አደጋን የሚያባብሱ ነገሮችን ዘርዝሯል። ገንዘብ ከሕዝብ ጋር መቀባበል፣ ሰው ወይም ዕቃ ማድረስ፣ እንደ ታክሲ በሚንቀሳቀስ ነገር ውስጥ መሥራት፣ ብቻን መሆን፣ ሌሊት ወይም ገና ሳይነጋ መሥራት፣ ወንጀል የበዛበት ሰፈር፣ ውድ ንብረት መጠበቅ። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አንብቡት። ቁመት የለም። ኪሎ የለም። የታክሲ ተራው ክርክራችን ጉዳዬ ብሎ የያዘው ነገር እዚያ ወረቀት ላይ ቦታ እንኳ አላገኘም።

ለምን እንዳላገኘ ለማወቅ አንድ ጊዜ ከመሪ ኋላ መቀመጥ ይበቃል። ዘራፊው የተቀመጠው ከጀርባችሁ ነው። ቀበቶ አስራችኋል። ጉልበታችሁ ከመሪው ሥር ነው። ትከሻችሁ ሰፊ በሆነ መጠን ለመዞር ትቸገራላችሁ፣ ከወንበሩም ጎንና ጎን ይተርፋል፤ ማለትም ለሳተ ጥይት ኢላማ ይሆናል። ጋሼ ያን ዕለት የነቀነቁት ትከሻ መኪናው ውስጥ ዕዳቸው ነበር። ጆርጂያ ደግሞ ከ2022 ጀምሮ ሕግ ያልከለከለው ሰው ሽጉጥ ደብቆ እንዲይዝ ፈቃድ መጠየቋን ትታለች። ከማን ጋር እንደምትጣሉ አታውቁም፤ ያ ሰው ኪሎው ስንት እንደሆነ ግን ታያላችሁ። ዓይናችን በሚታየው ነገር ላይ ይቆማል።

ቁጥርና መሣሪያ ሲጨመር የገላ ነገር ምን ያህል ከንቱ እንደሚሆን እኛ ኢትዮጵያውያን በደም የተማርነው ነው። ኅዳር 13 ቀን 1988 በፖርትላንድ፣ ኦሪገን፣ የ28 ዓመቱ ሙሉጌታ ሥራው ጓደኞቹ በመኪና ወደ ቤቱ አድርሰውት በር ላይ ሳሉ ሦስት የነጭ የበላይነት አቀንቃኞች መጡባቸው። አንዱ የቤዝቦል ዱላ ይዞ ነበር፤ ሙሉጌታ በዚያ ዱላ ጭንቅላቱን ተመቶ ሞተ። በ1990 የፖርትላንድ ዳኞች ጉባኤ ገዳዮቹን አነሳስቷል የተባለው የካሊፎርኒያው ቶም ሜትዝገር፣ ድርጅቱና ሌሎቹ ተከሳሾች ለቤተሰቡ 12.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ፈረደ። ክርክሩን የመራው የደቡብ ድኅነት ሕግ ማዕከል ነበር፤ መቀመጫው ከአትላንታ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል በምትርቀው በሞንትጎመሪ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት ለመልካም ነገር ብቻ ስናነሳው ኖረናል፤ ክፉዎችም ያብራሉ። ሙሉጌታ ሁለት ሜትር ቢሆን ኖሮ ያ ዱላ ትንሽ ከፍ ብሎ ይነሳ ነበር።

እንግዲህ ትከሻ ከሚሠራባቸው ቦታዎች ውስጥ የትኛውን መንገድ ላይ እናገኘዋለን? አንድ አለ፤ ጠቡ ገና ሳይጀመር። ተራው ሰካራም፣ ጠብ ያለሽ በዳቦ ባዩ፣ ትልቅ ሰው ሲያይ ሌላ ሰው ይፈልጋል። ይህን መካድ አይቻልም። አድፍጦ የሚመርጠው ሌባ ግን ሌላ መለኪያ አለው። በ1981 ቤቲ ግሬይሰንና ሞሪስ ስታይን የተባሉ ተመራማሪዎች የኒው ዮርክ እግረኞችን በድብቅ ቀርጸው፣ ሰው በማጥቃት ለታሰሩ እስረኞች አሳዩአቸው፤ የትኛውን ማጥቃት ይቀላል ብለው ጠየቁ። እስረኞቹ በሰከንዶች ውስጥ መረጡ። የተመረጡትን ካልተመረጡት የለየው በዋነኛነት አረማመድ ሆኖ ተገኘ። እርምጃው ከገላው ጋር ያልተመጣጠነ፣ በጣም የረዘመ ወይም ያጠረ፤ እግሩን ከነተረከዙ በአንዴ አንስቶ በአንዴ የሚጥል፤ እጁና እግሩ ያልተስማሙ ሰው። ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ወደ መኪናው የሚሄድ ሰው ሁሉ እንዲህ ይራመዳል፤ አንድ ሜትር ከዘጠናም ቢሆን።

ትከሻ የማያድነውን ርቀት ያድነዋል፤ አገራችን ደግሞ የርቀትን ነገር ከማንም ቀድማ ታውቀዋለች። የመንዝ እረኛ ገብሱን ሊበላ የመጣውን ጭላዳ በእጁ ልታገል ብሎ አይወርድም፤ ወንጭፉን ይፈታል። ስለ ዳዊትና ጎልያድ ስንሰማ የምናደንቀው የልጁን ድፍረት ነው፤ እኔ የማደንቀው ሳይጠጋው መቅረቱን ነው። ደግሞ ሌላም አለን። በአትላንታ ኦሊምፒክ ሐምሌ 28 ቀን ፋጡማ ሮባ በ2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ማራቶኑን አሸነፈች፤ በማግስቱ 165 ሴንቲ ሜትር የሆነው ኃይሌ ገብረሥላሴ በ17 ሴንቲ ሜትር የሚበልጠውን ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር ቀደመው። የትራኩ ጥንካሬ እግሩን አቁስሎት 5,000 ሜትሩን ሳይሮጥ ቀረ እንጂ ከተማዋ ያን ዓመት የእግር ነገር ከኛ ተምራለች። እና ይህ ሁሉ እያለን «እግሬ አውጪኝ አለ» የሚለውን ለስድብ እንጠቀምበታለን። አባቶቻችን ከመሞት መሰንበት ያሉት ስለ ፈሪ አልነበረም።

«ጆርጂያ ውስጥ ሕጉ ሽሽ አይልም» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። የግዛቲቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 16-3-23.1 ራሱን በሕጋዊ መንገድ የሚከላከል ሰው የመሸሽ ግዴታ የለበትም ይላል። መሸሽ ግን አልከለከለም። ደግሞ ዋናው አንቀጽ፣ 16-3-21፣ ለኛ ሰዎች የተቀመጠ የሚመስል አንድ ወጥመድ አለው፤ በስምምነት ጠብ የገባ ሰው «ራሴን ስከላከል ነው» የሚል መከራከሪያውን ያጣል፤ ጠቡን ትቶ መውጣቱን ለሌላው ወገን በግልጽ ካላሳወቀ በቀር። «ወንድ ከሆንክ ውጣ እንዋጣልን» በአማርኛ ፉከራ ነው፣ በጆርጂያ ፍርድ ቤት ማስረጃ ነው።

ትከሻ ከሁሉ በላይ የሚመዘነውም እዚያው ፍርድ ቤት ነው። ሕጉ የሚጠይቀው አንድ ምክንያታዊ ሰው በዚያ ቦታ ቢሆን ኃይል መጠቀም አስፈላጊ መስሎ ይታየው ነበር ወይ ብሎ ነው። ዳኞቹ ሲፈርዱ ማን ከማን ይበልጥ እንደነበር ያያሉ። 50 ኪሎ የምትመዝን ሴት ፈራሁ ስትል የሚያምናት ይበዛል። ጋሼ ፈራሁ ቢሉስ? በ2017 ጆን ፖል ዊልሰንና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት እንዳሳየው፣ ተመልካቾች ጥቁር ወጣቶችን በቁመትና በክብደት እኩል ከሆኗቸው ነጮች የበለጠ ረጅም፣ ከባድና አደገኛ አድርገው ይገምቷቸዋል። ስለዚህ አንድ ግዙፍ ኢትዮጵያዊ ሌሊት በመንገድ ዳር ከሰው ጋር ሲያያዝና ፖሊስ ሲደርስ፣ በመኮንኑ ዓይን ውስጥ ከራሱም የገዘፈ ሆኖ ይቆማል። ገላው ከዘራፊው ካዳነው በላይ ከፖሊሱ ያጋልጠዋል። ይህን የሚያስተምር የጂም አሰልጣኝ እስካሁን አላገኘሁም።

ታዲያ ትንሽ ሰው ምን ይማር? ከማውቃቸው ጥናቶች ጠንካራው የመጣው ከካናዳ ነው። ሻርሊን ሴንና ባልደረቦቿ በሦስት ዩኒቨርሲቲዎች ወደ 900 የሚጠጉ የመጀመሪያ ዓመት ሴት ተማሪዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። አንዱ ወገን 12 ሰዓት የሚወስድ ሥልጠና ወሰደ፣ ሌላው ብሮሹር ብቻ ተሰጠው። በዓመቱ የመደፈር ጥቃት የደረሰባቸው ከብሮሹሮቹ ወገን 9.8 በመቶ፣ ከሠለጠኑት 5.2 በመቶ ሆኑ። ውጤቱ በ2015 ታተመ። ሥልጠናው ምት አለው፤ አብዛኛው ሰዓት ግን የሚያልቀው አደጋን ቀድሞ በመለየት፣ «ይሉኝ ይሆን» የሚለውን ሐሳብ በማሸነፍና በድምፅ በመቃወም ላይ ነው። አጥቂው ብዙ ጊዜ የሚታወቅ ሰው መሆኑንም ከመጀመሪያው ይናገራል። በ12 ሰዓት ውስጥ የማንም ክንድ አልወፈረም።

ይሉኝታ ላይ ትንሽ ብቆይ ደስ ይለኝ ነበር፤ ያደግንበት ጨዋነት ራሱ ሰው ሲጠጋን ወደ ኋላ ማለትን ነውር ያደርግብናልና። እሱን ግን በምሳሌ ልለፈው።

በአትላንታ ዳር ባለችው በክላርክስተን አቅራቢያ አንዲት እህት የጋዝ ስቴሽን ገንዘብ ተቀባይ ሆና በሌሊት ሺፍት ትሠራለች። ቁመቷ 155 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ከምሽቱ አምስት ሰዓት አካባቢ ቡና ልገዛ ገብቼ ሳወራት፣ ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ያወረዱ ሁለት ሰዎች ገቡ። አንዱ በር አጠገብ ቀረ፣ ሌላው ወደ ፍሪጁ ሄደ፤ ከፍሪጁ ግን ምንም አላነሳም። ወሬዋን አቋረጠች። ፊታቸውን ቀና ብላ እያየች በሚሰማ ድምፅ ሰላምታ ሰጠቻቸው። ከዚያ በዝግታ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ፣ የጓዳው በር ወዳለበት ጥግ አለች፤ በእሷና በባንኮኒው መካከል ክንድ የማይደርስበት ክፍተት ተፈጠረ። የመስኮቱን ማስታወቂያ ገና ድሮ አንስታዋለች፤ ከውጭ ነዳጅ የሚቀዳ ሰው ሁሉ ያያታል። ሰውዬው ባንኮኒው ላይ ቆሞ አያት። እኔንም አየኝ። ወደ ውጭ አየ።

ሲወጡ ጠብቄ፣ «ሌቦች ነበሩ እንዴ?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቄ» አለች መሳቢያውን እየገፋች። «ማስቲካ ገዝተው ሄዱ እኮ።»